ኮዳዬ ሰማይ ላይ የሠራኝ ሥራ

ኮዳውን የገዛሁት በ3,200 ብር ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ አንድ ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን ሲሏት መምጠጫው ብድግ የሚል አረንጓዴ ኮዳ። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ አልተቆጣችም። አገላብጣ አየችው፤ ክዳኑን ከፈተች፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ ውስጥ አጮለቀች። ከዚያም «ውኃውስ የታለ?» አለችኝ።

ነገሩ የጀመረው እህቴን ለመጠየቅ ወደ ቨርጂኒያ ለመሄድ ቪዛ ባገኘሁ ሰሞን ነው። ስለ በረራ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ መንገደኛ በአንድ ረጅም ጉዞ ስለሚጥለው የፕላስቲክ ክምር የሚያወራ ጽሑፍ እጄ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሰላም አልነበረም። ቁርስ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ፣ እራት ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ሆነ፤ የዚያ ከተማ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2019 በፕላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ ውኃ መሸጥ መከልከሉን ለሰማኝም ላልሰማኝም አወራሁ። በመጨረሻ ልጄ «አባዬ፣ የምትሄደው አክስቴ ጋ ነው ወይስ ሳን ፍራንሲስኮ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚሁ ግለት ወጥ ቤት ገባሁ። የእኛ ወጥ ቤት እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ወጥ ቤት የሃይላንድ መጋዘን ነው። ሃይላንድ ድሮ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፤ ውኃው ተጠጥቶ አለቀ፣ ስሙ ግን ለባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ቀረ። የዘይት ሃይላንድ አለ፤ የበረኪና ሃይላንድ አለ፤ ከገጠር ማር መጥቶበት ታጥቦ የተቀመጠ ሃይላንድ አለ። ሁሉንም ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቄ ለቆራሌው ሸጥኩ። አንደኛው ባዶ እንዳልነበረ፣ የአማቴ ጠበል እንደነበረበት የተረዳሁት ማታ ነው። ያን ማታ አልተርከውም።

የጉዞው ቀን ኮዳዬን እስከ አፉ ሞልቼ ቦሌ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ላይ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላን ሊያጋዩ ያሴሩ ሰዎች ከተያዙ ወዲህ በብዙ አየር ማረፊያ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ይዞ ፍተሻ ማለፍ እንደማይቻል አውቃለሁ። የማውቀው ግን ለሽቶና ለቅባት ነው፤ ሕጉ ኮዳዬንም ይመለከታል ብዬ አላሰብኩም።

«ውስጡ ምንድን ነው?» አለኝ ፈታሹ።

«ውኃ።»

«ይድፉት፣ ወይም ይጠጡት።»

ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ውኃ አይደፋም። ጫማዬን እንዳወለቅሁ፣ ቀበቶዬን በክንዴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ አንድ ሊትር ውኃ መጠጣት ጀመርኩ። መምጠጫው ደግሞ ለዝግታ የተሠራ ነው። ግማሽ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም ስል፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛ «አይዞህ፣ በርታ» አለኝ። ከልቡ ነበር።

ከፍተሻው ወዲያ ያለው ችግር ኮዳው ባዶ መሆኑ ነው። የምሞላበት ቧንቧ ስላላገኘሁ ካፌ ገብቼ ባለ ግማሽ ሊትር የታሸገ ውኃ ሁለት ገዛሁ። ጥግ ይዤ፣ ለአካባቢው ጀርባዬን ሰጥቼ፣ አረቄ እንደሚያዳቅል ሰው ቀዳሁት። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ ሁለቱን ባዶ ጠርሙሶች አየች፤ ኮዳውን አየች፤ እኔን አየች። ምንም አላለችም። ቢያንስ አንድ ነገር ብትል ይሻለኝ ነበር።

አውሮፕላን ውስጥ መቀመጫዬ መስኮት አጠገብ ነው። የጠጣሁት ሊትር ሁለት የተኙ ሰዎችን ሦስት ጊዜ አስነሣኝ፤ እሱን እንለፈው።

ዋናው ጭንቀቴ ሌላ ነበር። ከፍ ሲባል የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በየብስ የተዘጋ ባለ መምጠጫ ኮዳ ሰማይ ላይ ሲከፈት ውኃ እንደሚረጭ አንብቤያለሁ። ስለዚህ ለጎረቤቴ አስቀድሜ ልንገረው ብዬ፣ ኮዳውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ፣ «ወንድሜ፣ ትንሽ ራቅ በልልኝ፤ ይህ ነገር ሊፈነዳ ይችላል» አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል አውሮፕላን ውስጥ እንደማይነገር የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አስተናጋጇ እስክትመጣ፣ ኮዳውን እስክታገላብጥ፣ እኔም ስለ አየር ግፊት እስካስረዳት ድረስ የሁለት መደዳ ሰው አንገቱን አስግጎ ጠበቀን። በመጨረሻ ፊቴን በፎጣ ሸፍኜ ቁልፏን ተጫንኩ።

ምንም። ጠብታ አልወጣም። እንዲያውም ቀስ ብሎ እንደሚተነፍስ ሰው አየር ወደ ውስጥ የሳበ መሰለኝ።

ምክንያቱን የደረስኩበት ዘግይቼ ነው። አውሮፕላኑ የቱንም ያህል ከፍ ብሎ ቢበር፣ በውስጡ ያለው አየር የሚጠበቀው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘውን አየር ያህል ሆኖ ነው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ዕድሜያችንን ሙሉ የምንተነፍሰው የአውሮፕላን አየር ነው፣ ያለ ትኬት። ኮዳዬም ሰማይ ወጣህ ቢሉት የሚያምን አልሆነም። ሃይላንድ በእንግሊዝኛ ደጋ ማለት አይደል? እሱም የደጋ ልጅ ነው።

ውኃው ሲያልቅ አስተናጋጇን እንድትሞላልኝ ለመንኳት። የመንገደኛ ኮዳ አፍ ከጋራው ጠርሙስ ጋር መነካካት እንደሌለበት በትሕትና አስረዳችኝና በፕላስቲክ ብርጭቆ ይዛልኝ መጣች። ገለበጥኩት፤ የኮዳውን ሥር እንኳ በወጉ አላራሰም። ሌላ አመጣች። ሌላም። አምስተኛው ላይ ጎረቤቴ ጠረጴዛዬ ላይ የተደራረቡትን ብርጭቆዎች በጣቱ ቆጠረና «እኔ እስካሁን የተጠቀምኩት አንድ ነው» አለኝ።

ሦስት ሳምንት እህቴ ዘንድ ቆይቼ ስመለስ፣ ዱለስ አየር ማረፊያ ከፍተሻው ወዲያ ኮዳ የሚሞላ ማሽን አገኘሁ። ኮዳውን ሥሩ ሲያቆሙት በራሱ ይቀዳል፤ ከላይ ደግሞ ስንት የፕላስቲክ ጠርሙስ ከመጣል እንደተረፈ በቁጥር ያሳያል። ስሞላ ቁጥሩ በሁለት ከፍ አለ። በዚህ ጉዞ ያጠፋሁት ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣብኝና እዚያው ቆሜ ግማሹን ጠጣሁ፤ ደግሜ ሞላሁ፤ አንድ ጨመረ። እንደገና ልጠጣ ስል ከኋላዬ የቆመች ልጅ ጉሮሮዋን ጠረገች። መሳፈሪያው በር ላይ እህቴ የቋጠረችልኝን ኦቾሎኒ እየቆረጠምኩ ግማሹን ጨረስኩና ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት።

በዚህኛው በረራ አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ በነጭ የለበሱ እናት ናቸው። የልጃቸውን አራስ ሊጠይቁ ሄደው ስድስት ወር ቆይተው መመለሳቸው ነው። ምግብ ሲመጣ ያልበሉትን ዳቦ በሶፍት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱ ሳይ፣ እኒህ ሰው ነገሬ ይገባቸዋል አልኩ። ኮዳዬን አወጣሁ። ያለፈው ልምዴ ስላለ ፎጣም፣ ማስጠንቀቂያም፣ ምንም አላስፈለገኝም።

«ይህ እማማ፣ ፕላስቲክን የሚያስቀር ነው» ብዬ ወደ እሳቸው አዙሬ ቁልፏን ተጫንኩ።

ዱለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ግማሽ ኮዳ የቆላ አየር በደጋ ሲለቀቅ ምን እንደሚያደርግ ያን ጊዜ አየሁ። መምጠጫው ሲፍ አለና ውኃውን በቀጥታ ወደ ፊታቸው ላከው። መነጽራቸው፣ ነጠላቸው፣ ፊት ለፊታቸው ያለው መስኮት የሚያህል ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ራሰ። ፍተሻው እንዳያልፍ የሚከለክለው ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነውን ፈሳሽ ነው፤ እሳቸው ላይ ያረፈው ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ልዘጋው ስል ይባስ አዙሬ ረጨኋቸው።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ጠበቁ። ሲያልቅ ውኃውን በመዳፋቸው ግንባራቸው ላይ አሻሹት።

«ከየት ያመጣኸው ጠበል ነው፣ ልጄ?»

አማቴ ትዝ አሉኝ። መዋሸት አልቻልኩም። «የዱለስ ነው፣ እማማ» አልኩ።

«ዱለስ የማን ታቦት ነው?»

ነገሩን እስካስረዳቸው ብዙ ሳቅን፤ ማለት እሳቸው ሳቁ። ነጠላቸውን አራግፈው ትከሻቸው ላይ መለስ ካደረጉ በኋላ ከቦርሳቸው አንድ ሃይላንድ አወጡ። ወረቀቱ ተልጦ ያለቀ፣ ወገቡ ላይ የጭምድድ መስመር ያለበት፣ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ። ክዳኑን ሲያላሉት ትሽ አለ፤ ያ ብቻ። ጠጡና ዘጉት።

«ይህም ከዱለስ ነው?» አልኳቸው።

«ውኃው እንጂ ዕቃውማ ካዛንቺስ የተገዛ ነው። ስሄድ ባዶውን ይዤው ገባሁ፣ ማንም አልነካብኝም። ልንወርድ ስንል አየሩ እንደ ጨርቅ ጨመደደብኝ፤ እኔም በአፌ ነፋ አድርጌ አቀናሁት። ይኸው ስድስት ወር አገለገለኝ።»

ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራሁም። ቦሌ ወርደን ሻንጣ ስንጠብቅ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ኮዳዬን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ስንት አወጣህበት?»

«3,200 ብር።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። ሃይላንዱን ከነጠላቸው ሥር አወጡና ከኮዳዬ ጎን አስጠግተው ሁለቱን አስተያዩ።

«ይህኛው እኮ» አሉኝ፣ «ሲገዛ ውኃ ነበረው።»