ፕሮሰሲንግ፣ 6ኛ ሳምንት፦ መቶ በመቶ

ባለፈው ሳምንት ቀለሙንም እንቅስቃሴውንም ደበላልቄ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ለራሴም ስለጠፋኝ፣ በዚህ ሳምንት ጥብቅ ሕግ አወጣሁ። ሐሳቡ የመጣው ከፕሮሰሲንግ (ኮድ እየጻፉ ምስል ከሚሠሩበት የፕሮግራም ቋንቋ) ታሪክ ነው። ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀምሩት በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሚዲያ ላብ፣ በጆን ማኤዳ የምርምር ቡድን ውስጥ ተማሪዎች ነበሩ። ቡድኑ ከዚያ በፊት ዲዛይነሮችን ኮድ ለማስተማር "ዲዛይን ባይ ነምበርስ" የሚባል ቋንቋ ሠርቶ ነበር፤ ሸራው 100 በ100 ፒክስል፣ ቀለሙ ግራጫ ብቻ። እኔም በዚያው ልክ ልሥራ አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን አሳቀኝ። ሽቅብ የሚወጣ ደረጃ ብዬ የጻፍኩት ቁልቁል ወረደ። ለካ በአሮጌው ቋንቋ ዜሮ ያለው ከታች በግራ ጥግ ነው፤ በፕሮሰሲንግ ከላይ። ቀለሙም እንደዚያው ነው፦ እዚያ 0 ነጭ፣ እዚህ 0 ጥቁር። (ተገልብጦም አምሮ ነበር፤ አልሰረዝኩትም።)

ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ሸራውን 10 በ10 ከፍዬ በየክፍሉ አንድ ካሬ አስቀመጥኩ፤ የላይኛው ረድፍ ቀጥ ያለ፣ ወደ ታች ሲኬድ እየተንጋደደ የሚሄድ። መጀመሪያ ካሬዎቹ 8 ፒክስል ነበሩ፤ ሲዞሩ ይጋጫሉ። ሰያፋቸው 11.3 ነዋ! 7 ሳደርጋቸው ሰያፉ 9.9 ሆነና ለጥቂት ተላለፉ። ትልቅ ሸራ ላይ ብሆን ይህችን አንድ ፒክስል ልብ አልላትም ነበር።

ቀጥሎ ምስሉ እንደ ተበላሸ መብራት ይርገበገብ ጀመር። ምስሉን የሚስለው "ድሮው" የሚባል የኮድ ክፍል በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚደጋገም፣ ካሬዎቹ ምን ያህል እንደሚንጋደዱ በዕጣ የሚወስነው "ራንደም" በየዙሩ አዲስ ቁጥር ያወጣል። "ኖሉፕ" (አትደጋግም) ብዬ አቆምኩት፤ ያኔ ደግሞ በማውስ ማንጋደዴ ቀረ። መፍትሔው የዕጣ ቁጥሮቹን መነሻ ቁጥር ("ዘር") የሚወስነውን "ራንደምሲድ"ን በ"ድሮው" መጀመሪያ ላይ መጥራት ሆነ፦ ዘሩ አንድ ከሆነ የቁጥሮቹ ተራ ሁልጊዜ ያው ነው። አሁን ማውሱን ወደ ቀኝ ስጎትት ሁሉም ቀስ እያለ ይንጋደዳል፣ ስመልሰው ይሰለፋል።

ዘሮቹን ከ1 እስከ 40 ሞክሬ 17ን መርጫለሁ። በዙሪያው ሁሉ ሲፈራርስ፣ ከታች ረድፍ ጥጉ ላይ ያለው ካሬ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል።