የእኛ ክረምት ሌላ፣ የእነሱ ዊንተር ሌላ

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስድስት ጽጌረዳዎቼን ከረከምኳቸው። የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ተክሎቼ በሙሉ በረንዳ ላይ ናቸው፤ ግማሹ በሸክላ ማሰሮ፣ ግማሹ በቀለም ባልዲ። ዩቲዩብ ላይ የምከታተለው ሰውዬ ጽጌረዳ የሚገረዘው ዊንተር ሊያልቅ ሲል ነው ይላል። ዊንተር ያው ክረምት ነው ብዬ መቀስ አነሳሁ።

ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ የቆረጥኩበት ጫፍ መጥቆር ጀመረ። ጥቁረቱ በግንዱ ወደ ታች ወረደ። አዲስ የወጡት ቅጠሎች ጥቁር ነጠብጣብ አወጡ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነው ረገፉ። ሁለቱ ሞቱ። አንዷ እናቴ ከግቢዋ ቆርጣ ያጸደቀችልኝ ስለነበረች እስካሁን ይቆጨኛል።

ከታች ፎቅ የሚኖሩ እማማ አሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አትክልት ሲያሳድጉ የኖሩ። ወጥተው አዩልኝና «ልጄ፣ ዝናቡ ሳያባራ ቁስሉ በምን ይድረቅ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቃቸው የምቆርጠው ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ዊንተር ሲሉ ውርጭና በረዶ ማለታቸው ነው። ቀኑ በጣም ያጥራል፣ ጽጌረዳዋም ቅጠሏን አራግፋ ትተኛለች፣ እነሱም ልትነቃ ስትል ይቆርጧታል። የእኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቅጠሉም አፈሩም ሲረጥብ ይውላል፣ ፈንገስ ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ነው። ብርዱ ራሱ አዲስ አበባ ላይ የሚበረታው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው። ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ጽጌረዳ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ታድጋለች። የምትተኛበትን ወር ብጠብቅ አላገኘውም።

ስለዚህ አሁን ሰማዩን ነው የማየው። ዋናውን መከርከም ጥቅምት ላይ አደርጋለሁ፣ ሦስት አራት ቀን በተከታታይ ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ። መቀሱን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስሄድ በአልኮል እጠርገዋለሁ። የምቆርጠው ፊቱን ወደ ውጭ ካዞረ ዓይን (አዲስ ቅርንጫፍ ከሚወጣበት እንቡጥ) ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብዬ፣ ሰያፍ አድርጌ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ከተቆረጠች እስክታብብ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅባታል፣ ብርዱ ሲጠና ትንሽ ይጨምራል። ለገና አበባ የምትፈልጉ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ክረምት ላይ የታመመ ቅጠልና የጠወለገ አበባ ከማንሳት ውጪ አልነካትም።

ያቺ በገና ሰሞን አናቷ ቀይ የሚሆነው ተክል ግን ሌላ ነገር ናት። አበባ የምትይዘው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፣ ለእሷ ያቺ ትንሽ ልዩነትም ትበቃታለች። ጥቅምት ላይ ከጽጌረዳዎቹ ጋር አብሬ ከከረከምኳት የዓመቱን ቀለም ቆርጬ ጣልኩት ማለት ነው። እሷን የካቲት ላይ፣ ቀዩ ከረገፈ በኋላ ነው የምቆርጣት። ስትቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት አድርጉ።

ማሰሮ መቀየርም ላይ በዚያው ክረምት ተሳስቻለሁ። የጥብስ ቅጠሌ ጠቦታል ብዬ ከትንሽ ጣሳ አውጥቼ ሃያ ሊትር ባልዲ ውስጥ ተከልኩት፣ ያውም ውኃ በሚይዝ ጥቁር አፈር። ትንሽ ሥር ያን ሁሉ አፈር መጥጦ አያደርቀውም፣ ፀሐይም የለ። ሥሩ በሰበሰ። አሁን ከድሮው ማሰሮ በሁለት ጣት ብቻ የሚሰፋ እመርጣለሁ፣ ታቹ የተበሳ፣ አፈሩም ቀይ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰለ ፍግ የተቀላቀለበት። ጊዜው ደግሞ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ነው። ሌሊቱ ሞቅ ይላል፣ አዲስ ቡቃያ ይታያል፣ የበልግ ዝናብም ካፊያ ይልካል። ከዋዜማው አጠጣዋለሁ፣ ካዛወርኩት በኋላ አሥር ቀን ያህል ጥላ ውስጥ ይቆያል፣ ማዳበሪያ ለአንድ ወር አያይም።

ሁሉንም በየዓመቱ አላዛውርም። ሥር በታችኛው ቀዳዳ ካልወጣ፣ የማጠጣው ውኃም አፈሩ ሳይይዘው ወዲያው ካልፈሰሰ፣ እዚያው ይቀመጥ።

ይህን የምጽፈው ታኅሣሥ ላይ ነው። ሎሚዬ ሥሯን በቀዳዳው አውጥታለች፣ ትልቁን ማሰሮም ገዝቼ አጠገቧ አስቀምጬላታለሁ። ማታ ማታ ግን በረንዳው ይበርዳል። የካቲት እስኪገባ እዚያው ናት።