ፈቃድ ጠይቆ የርክክብ ፎርም የደረሰው ባልደረባዬ

ጎኔ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ እንግሊዝኛውን ለማሳደግ መዝገበ ቃላት ከ«ኤ» ጀምሮ መሸምደድ ይዟል። ባለፈው ሦስት ቀን ፈቃድ ፈልጎ ለሰው ኃይል ክፍል ኢሜይል ሲጽፍ «ሊቭ» (ፈቃድ) የምትለዋ ቃል የልጅ መሰለችው። «ከሰኞ ጀምሮ ሥራዬን አባንደን አደርጋለሁ» ብሎ ላከ። ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፦ የርክክብ ፎርም፣ የመታወቂያና የቁልፍ መመለሻ ቅጽ፣ ከታች ደግሞ «አብረን ለሠራንበት ጊዜ እናመሰግናለን»።

ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስማ፣ ለሦስት ቀን ፈቃድ ይሄ ሁሉ ይሞላል እንዴ?» አለኝ። ቁልፉን ከቀለበቱ ማውጣት ጀምሮ ነበር።

ቃላቱን የሚጽፍበትን ደብተር ተቀብዬ አየሁት። የሳምንቱ ቃላት አባንደን፣ አብዲኬት፣ አቦሊሽ ናቸው፤ በትይዩ «ተወ፣ ለቀቀ፣ አስቀረ» ተብሎ ተጽፏል። በድምፅም በትርጉምም የሚቀራረቡ ቃላት በአንድ ቀን ሲጠኑ ይጠላለፋሉ፤ አንዱን ሲጠሩት ሌላው አቤት ይላል። በፊደል ተራ መሄድ ደግሞ ይህንኑ ጥልፍልፍ በየቀኑ ማምረት ነው። ያውም ለማይጠቅም ቃል! አብዲኬት ንጉሥ ዙፋኑን ሲለቅ ነው የሚባለው፤ እሱ ያለው አንድ መንኮራኩሩ የወለቀ ወንበር ነው።

የሚጠናው ብዙ ጊዜ ከሚያጋጥመው ቃል ጀምሮ ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የተዘወተሩ ቃላት ዝርዝር 2,000 ገደማ ቃላት ነበሩት፤ በ2013 የወጣው አዲሱ ዝርዝር 2,800 ገደማ አሉት። እነዚህ ሳይያዙ ወደ ብርቅዬዎቹ መዝለል ትርፉ የርክክብ ፎርም ነው። ለትምህርትና ለጥናት ጽሑፍ የሚፈልግ ከዚያ በኋላ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 ያዘጋጀችውን የ570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነርቢዎቹ) ዝርዝር ይጨምር።

ከደብተሩ በፊት ባለቀለም ተለጣፊ ወረቀት ነበር ዘዴው። በርና መስኮት፣ አታሚው ሳይቀር ስም ተለጠፈበት። አንዱ ወረቀት ወንበር ላይ ወድቆ ኃላፊያችን ተቀመጡበትና ስብሰባውን ሙሉ «ኦብሶሊት» የሚል ከኮታቸው ጀርባ ተሸክመው ዋሉ። ጊዜው ያለፈበት፣ ከአገልግሎት የወጣ ማለት ነው፤ የታሰበው ለአሮጌው ፋክስ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳን ዘዴው አይሠራም። ዓይን በሁለት ቀን ይለምደውና ማየት ይተዋል፤ ቃል የሚጸናው ሳያዩ ከአእምሮ ጎትተው ሲያወጡት ነው።

ስለዚህ ካርድ አሠራሁት። ፊት ለፊት ቃሉ የጎደለበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ጀርባው ላይ ቃሉ፤ «ተወ» የሚል የአንድ ቃል ፍቺ ክልክል ነው። ጋዜጠኛው ሴባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው የካርድ ሳጥን አምስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ ይከለሳል፣ የቀጣዮቹ ርቀት እየሰፋ ይሄዳል። የታወቀ ካርድ አንድ ክፍል ያልፋል፤ የተሳተ ከየትም ሆነ ከየት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አዲስ ካርድ በቀን ከ10 አይበልጥ። አንኪ የተባለው የካርድ ማጥኛ መተግበሪያ ቅንብሩን ካልነካችሁት በቀን 20 ይሰጣል፤ በዚያ ከተቀጠለ የየቀኑ ክለሳ 200 ገደማ ይደርሳል፣ ሰውም የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ከየት ይምጣ? ለተማሪ ከተዘጋጀ መዝገበ ቃላት። ሎንግማን የተባለው አሳታሚ መዝገበ ቃላት ፍቺውን የሚጽፈው በ2,000 ገደማ ቀላል ቃላት ስለሆነ ፍቺውን ለመረዳት ሌላ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። ፍቺውን ትታችሁ ምሳሌዎቹን እዩ። አባንደን የሚደረገው መርከብ ነው፣ ሕፃን ነው፣ ተስፋ ነው። ፈቃድ ግን «ቴክ» (ወሰደ) ከሚለው ግስ ጋር ነው የሚሄደው፤ ቃሉን ከነጓደኛው ካልያዙት በራሱ አይቆምም።

ለንባብ ደግሞ ከ100 ቃል 98ቱን የምታውቁበትን መጽሐፍ ምረጡ። መቁጠር ቀላል ነው፦ 300 ቃል ባለው ገጽ ላይ ከ6 በላይ እንግዳ ቃል ከገጠማችሁ ለጊዜው አስቀምጡት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከዐውዱ መገመት ይከብዳል። ባልደረባዬ ሲቆጥር 41 አገኘና «ገጹ ነው እንጂ እኔ ደህና ነኝ» አለ።

አንድ ካርድ ስምንት ጊዜ ከተሳተ ጥፋቱ የካርዱ ነው። አንኪ በራሱ ምልክት ያደርግበታል፤ በወረቀት የሚሠራ ዓረፍተ ነገሩን ይለውጥ፣ አሁንም እምቢ ካለ ይጣል። የእኛ ሰው መጣል አይሆንለትም። «ለአንተ ይጠቅምህ ይሆናል» እያለ መሳቢያዬ ውስጥ ይከትልኛል። ትናንት ስቴፕለር ፍለጋ ስከፍተው «ፕሮክራስቲኔት» (ዛሬ ነገ ማለት) አገኘሁ፤ ከጀርባው «ነገ አጠናዋለሁ» ይላል።