የወገቤን ሕመም ካሌንደር ላይ አገኘሁት

ጎንደር አራዳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሲንጀር ላይ ጎንበስ ብዬ ነው የምውለው። ወገቤን ሲያመኝ የማማርረውም መኪናውን ነበር። እናቴ "ብርድ ነው፣ ወገብሽን እሰሪው" ትለኛለች። ጎረቤታችን ኩላሊት ነው አለች፤ ተመረመርኩ፣ ደህና ነሽ ተባልኩ። የወር አበባ ቁርጠቴንማ ማን ሕመም ብሎ ቆጥሮት! "ስትወልጂ ይተውሻል" ነው መልሱ።

አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ግን "ከፔሬድሽ ጋር ይገናኛል?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ቤት ገብቼ የግድግዳውን ካሌንደር አወረድኩ። ወገቤን ባመመኝ ቀን ነጥብ፣ ደም ባየሁ ቀን ክብ።

የእኔ ዑደት 28 ቀን ነው፤ የኛ ወር ደግሞ 30። ስለዚህ ክቡ በየወሩ ሁለት ቀን እየቀደመ ይመጣል። ጥቅምት 20፣ ኅዳር 18፣ ታኅሣሥ 16፣ ጥር 14። ነጥቦቹም ተከትለውት መጡ። ለጥምቀት የሐበሻ ልብስ እስከ እኩለ ሌሊት ስሰፋ ከሰነበትኩባቸው ቀናት ነጥብ ያለው አንዱ ብቻ ነው። በዓሉ አልፎ ሱቁ ጭር ካለ በኋላ ግን ከጥር 13 እስከ 15 ቀና ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሕፀንን የሚያኮማትረው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ሲበዛ ቁርጠቱ ይጠናል። የማሕፀን ነርቮችና የታችኛው ወገብ ነርቮች ደግሞ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሚገቡት በተቀራረበ ቦታ ነው። አንጎል ሕመሙ ከየት እንደተነሳ መለየት ያቅተዋል። በየወሩ ሲደጋገም ነርቮቹ በትንሹም የሚቆጡ ይሆናሉ፤ የሥራ ድካሙም ያኔ ብሶ ይሰማል።

አይቡፕሮፌን ድሮ የምውጠው ከጠናብኝ በኋላ ነበር። መድኃኒቱ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ስለሚያግድ አሁን ገና ሲጀማምረኝ፣ እህል ቀምሼ እወስዳለሁ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለባችሁ ግን ሐኪም ሳትጠይቁ እንዳትነኩት። ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ እምብርቴ ሥር አደርጋለሁ። የፈላ እንዳትሞሉበት፤ ላስቲኩ ተኮማትሮ ጭኔን አቃጥሎኛል። ቀሪውን ወር ወደ ቤቴ በእግሬ ነው የምሄደው፣ ባጃጅ ትቻለሁ።

ታናሽ እህቴም ምልክት ማድረግ ጀምራለች፣ በቀይ እስክሪብቶ። የእሷ ነጥቦች ግን ከክቡ ውጪም ተበትነዋል፤ ሽንት ቤት ስትቀመጥም ያማታል። እንዲህ ያለው ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጪ የሚያድግበት ሕመም፣ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። ሰኞ ካሌንደሩን ይዘን የማሕፀን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።