ለጀማሪ አክሮባት አብራሪ፦ መጀመሪያ ገመድና ችካል

የሞዴል አውሮፕላን አክሮባት ውድድር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ክንፉ 2 ሜትር፣ ክብደቱ 5 ኪሎ የሚደርሰው የኤፍ3ኤ (የዓለም አቀፉ የሬዲዮ አክሮባት ውድድር ምድብ) አውሮፕላን ነው። ለጀማሪ ይህ ትርፍ ወጪ ነው። ክንፉ 1.2 ሜትር የሆነ የፎም አውሮፕላን፣ ባለ 3 ሴል 2200 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪና አምስት ትርዒት ይበቃዋል፦ ቀጥታ በረራ፣ ሉፕ (ቁም ክብ መሥራት)፣ ሮል (በራስ ዙሪያ መንከባለል)፣ ስቶል ተርን (ቀጥ ብሎ ወጥቶ አናት ላይ ወደ ጎን ዞሮ መውረድ)፣ ኢመልማን (ግማሽ ሉፕ ወጥቶ በግማሽ ሮል መቃናት)።

ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው ነጥቡ የት እንደተቆረጠ አለማወቁ ነው። ስለዚህ ሳጥኑን፣ ማለትም ትርዒቱ የሚሠራበትን የአየር ክልል፣ መሬት ላይ አሳዩት። ወሰኑ ከመሃል መስመር ግራና ቀኝ 60 ዲግሪ ነው። አብራሪው ከሚቆምበት 10 ሜትር ወደፊት ችካል ትከሉ፤ ከችካሉ ወደ ግራና ቀኝ 17.3 ሜትር በገመድ ለክታችሁ ሁለት ጨምሩ። የዳር ችካሎቹ ከአብራሪው ልክ 20 ሜትር ካልራቁ መስመሩ ተጣሟል፣ እንደገና ለኩ።

ባሕር ዳር ላይ ከሆናችሁ ሜዳው ከአውሮፕላን ማረፊያው የራቀ፣ ፈቃድም የተገኘበት ይሁን። በጣና ደቡብ ዳርቻ ፊትን ወደ ሐይቁ መስጠት የጧትና የማታ ፀሐይን ከዓይን ያርቃል። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነው፦ የሐይቁ ነፋስ አውሮፕላኑን ወደ አብራሪውና ወደ ተመልካቹ ይገፋዋል። ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት ብትጨርሱ ይሻላል።

ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለል በ16 በመቶ ያህል ይሳሳል። አውሮፕላኑ ሉፕ አናት ላይ ጉልበት ያጥረዋል፣ ሲያርፍም ይፈጥናል። ትልቅ ባትሪ መጫን ነገሩን ያባብሰዋል፤ 10 በ5 ኢንች ፕሮፔለርን በ11 በ5 ቀይሩና በሙሉ ጋዝ አምፒሩን ለኩ። ከስፒድ ኮንትሮለሩ (የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው መሣሪያ) አቅም 80 በመቶ ካለፈ ወደ አሮጌው ተመለሱ።

ከዚያ የክብደት ማዕከሉ። ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ፣ ከፊት እስከ ኋላ ካለው ስፋቱ 25 በመቶ ላይ ጀምሩ። በ45 ዲግሪ እየወጣችሁ ገልብጡትና የመቆጣጠሪያውን ዱላ ልቀቁ፦ አፍንጫው ቶሎ ከወደቀ ባትሪውን ትንሽ ወደ ኋላ፣ በራሱ ወደ ላይ ከወጣ ወደፊት።

ሉፕ ላይ የሚበላሸው አናቱ ነው። ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ዱላው እንዳለ ከተያዘ ክቡ እንቁላል ይሆናል። አናቱ ላይ ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን የሚያነሳና የሚያወርደውን የጭራ ክፍል) ላላ አድርጉ፣ ቁልቁል ሲጀምር ጋዙን ቀንሱ። ሮል ላይ ደግሞ ሲገለበጥ ዱላውን ጥቂት ወደፊት ካልገፉት አፍንጫው ይወርዳል።

የእያንዳንዱ ትርዒት ነጥብ ከ10 ነው፤ 15 ዲግሪ መዛነፍ 1 ነጥብ ያስቀንሳል። በልምምድ ቀን ዳኛው ቁጥሩን ብቻ አይጻፍ፣ «ሲወጣ 15 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዘነበለ» ብሎ ወዲያው ጮክ ብሎ ይናገር። አውሮፕላኑ ገና አየር ላይ እያለ።