ባለ አንድ ራሱ ንስር

በአንድ ሙዚየም የሳንቲም ክፍል 38 ጠገራ ብር በአንድ ቁጥር ተመዝግቦ ለትዕይንት ሊወጣ ነው። መዝጋቢው ያየው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ሚዛኑንና የሴትዮዋን መልክ። እያንዳንዱ 28 ግራም ከትንሽ፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሴትዮዋም ወደ ቀኝ የዞረች። ለሁሉም «ማሪያ ቴሬዛ፣ 1780» ብሎ ጨረሰ። ዙሪያውን ያለውን ጽሑፍ አላነበበም።

ለፎቶ የከፈተችው ባልደረባው አንዱን ገልብጣ፣ «እስቲ ና፣ የዚህን ንስር ራስ ቁጠርልኝ» አለችው። አንድ ነው። የማሪያ ቴሬዛ አገር የኦስትሪያ ንስር ደግሞ ሁለት ራስ አለው።

ሚዛን ይህን ሊያጋልጥ አይችልም፤ ሆን ተብሎ እንዲመሳሰል የተሠራ ነውና። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኢጣሊያና ኦስትሪያ ጠላት ስለነበሩ ጠገራ ከቪየና የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ኤርትራ መምጣቱ ቀረ። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1918 ጠገራውን የሚተካ የራሷን ሳንቲም፣ ታለሮን፣ አተመች። ክብደቱ ያው 28.0668 ግራም ነው፤ የብሩ ጥራት ከሺህ 835፣ የጠገራው 833። ፊቱ ላይ ያለችው ማሪያ ቴሬዛን የምትመስል፣ ኢጣሊያን የምትወክል ሴት ናት።

መዝጋቢው ሲያርም ደግሞ ሌላ ስህተት ጨመረ፦ «በንስሩ ደረት ላይ ሃይማኖታዊ መስቀል፣ ምናልባት የሚሲዮን»። መስቀሉ ያለበት ጋሻ ግን ኢጣሊያን ይገዛ የነበረው የሳቮያ ንጉሣዊ ቤት አርማ ነው፤ ቅኝ ግዛቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ሳንቲም ቀለም ስለሌለው ቀለሙ በጭረት ይጻፋል፦ ቋሚ መስመር ቀይ፣ አግድም ሰማያዊ፣ ነጠብጣብ ወርቅ፣ ባዶው ብር ወይም ነጭ። በቀይ መደብ ላይ ነጭ መስቀል ካዩ ሳቮያ ነው። ቀይ-ነጭ-ቀይ በአግድም የተደረደረ ከሆነ የኦስትሪያ ጋሻ ነው፤ በጠገራው ላይ ከንስሩ ደረት መሃል ይገኛል። ይህን ለማየት ባለ 10 እጥፍ ማጉያና ከጎን የሚመጣ መብራት ይበቃል። ከፊት ለፊት የበራ መብራት ጭረቱን ያጠፋዋል። ብሩን መወልወልማ ጭራሽ! ጭረቱ በጣም ስስ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ግራና ቀኝም ያምታታል። በአርማ ቋንቋ ቀኝ ማለት የጋሻው ያዥ ቀኝ ነው፤ ለተመልካቹ ግራ። በጠገራው ላይ ለእኛ በግራ በኩል ከላይ ያለው ሃንጋሪ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን «ቀኝ» ተብሎ ይጻፋል። ከ1780 ቀጥሎ ያለው ኤክስም የሮማ አሥር አይደለም፤ የቅዱስ እንድርያስ መስቀል ነው።

ሳንቲሙ ከ37ቱ ተለይቶ የራሱን ቁጥር አገኘ። የሚያስቀው፣ መዝጋቢውን ያሳሳተው ያው ፊት የኤርትራን ገበያተኞች አላሳሳተም። የማሪያ ቴሬዛን መልክ፣ የጌጧን ዕንቁዎች ሳይቀር ለይተው የሚያውቁ ነጋዴዎች የኢጣሊያን ታለሮ አንቀበልም አሉ።