የመዋጥ ችግር፦ ከጉሮሮ በፊት አቀማመጥን እዩ

እናቴ ፓርኪንሰን አለባት፤ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የነርቭ በሽታ ነው። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ምርመራውና መድኃኒቱ እንደማንኛውም ሰው ነው ያለፈው፤ ካርድ፣ ወረፋ፣ ቀጠሮ። ይህን የምጽፈው ስለ አንገት ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረን ኖሮ እማዬ ያን ሁሉ ስቃይ አታይም ነበር።

በሽታው እየቆየ ሲሄድ ጀርባዋ ጎበጠ፣ ጭንቅላቷም ወደ ደረቷ መውደቅ ጀመረ። ምግብ አፏ ውስጥ ይቆያል። ውሃ ስትጠጣ ትን ይላታል። ለሐኪሙ ነገርነው። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «የአንገት ኮላር» ብሎ ጻፈ፣ አንገት ላይ የሚታሰረውን ድጋፍ ማለቱ ነው፤ አለቀ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ የህክምና ዕቃ መሸጫ ጠንካራውን፣ የፕላስቲኩን ገዛን።

መጀመሪያ ደስ አለን። ፊቷ ታየ። ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ «እሰይ፣ ተሻላት!» ይላል። ሳሏም ቀነሰ። ግን አንዷን ጉርሻ ለመዋጥ ብዙ መታገል ጀመረች። ከበላች በኋላ ድምጿ ጉሮሮዋ ውስጥ ውሃ የቀረ ይመስላል። ማታ ማታ ያተኩሳታል። ይዘናት ስንሄድ የሳል ሽሮፕ ሰጥተው መለሱን። እንደገና ስንሄድ ራጅ ተነሳች። የሳንባ ምች ነበር፤ ተኛች።

ሳሉ የቀነሰው ተሽሏት አልነበረም። ምግብ ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ ሰውነት በሳል ይመልሰዋል። ፓርኪንሰን ባለበት ሰው ግን ይህ ስሜት ሊደክም ይችላል፤ ያኔ ምግቡ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። ሳል የለም ማለት ሰላም ነው ማለት አይደለም።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዋርድ ተኝታም ኮላሩ አንገቷ ላይ ነው። አልጋው በግማሽ ቀና ብሎ፣ አገጯ ወደ ላይ ተሰቅሎ ነው የምትመገበው። «ይሄ ነገር ከኮላሩ ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁ። «ኮላር ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው?» ተባልኩ። ሌላዋን የዋርዱን ሠራተኛ ስጠይቅ «ያዘዘውን ሐኪም አናግሪ» አለችኝ። ያዘዘው ሐኪም ጋ ስሄድ «የተኛ በሽተኛ እኛ አናይም» አሉኝ። ስትወጣ በተሰጠን ወረቀት ላይ ደግሞ «ፈሳሽ በብዛት ትውሰድ» ይላል። መዋጥ ለሚቸግረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የሚከብደው ቀጭን ፈሳሽ ነው። ቶሎ ስለሚወርድ የአየር ቧንቧው ሳይዘጋ ይደርሳል። ያን ወረቀት የጻፈው ሰው እማዬ ውሃ ስትጠጣ አንድ ቀን አላያትም።

ነገሩን የፈታችልን አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት። ጣቶቿን የእማዬ ማንቁርት ላይ አሳርፋ ምራቋን አስዋጠቻት፤ መጀመሪያ ከነኮላሩ፣ ቀጥሎ ኮላሩን አውልቃ። ልዩነቱን እኔም ዳስሼ አየሁት። ስንውጥ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሳል፤ የአየር ቧንቧው በደንብ የሚከደነው ያኔ ነው። አገጭ ሲሰቀል የአንገት ፊት ይወጠርና ማንቁርቱ እንደልቡ አይነሳም። እስቲ ጣራ ጣራ እያያችሁ ምራቃችሁን ዋጡ፤ ወዲያው ይገባችኋል።

«ከጭንቅላት አትጀምሩ፣ ከዳሌ ጀምሩ» አለችን። ሶፋ ውስጥ የሰመጠ ሰው ይጎብጣል። የጎበጠ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ለማየት አገጩን ያነሳል። ያው ኮላሩ የሚያደርገው ማለት ነው። ስለዚህ ሶፋው ቀረ። አሁን የምትበላው የክንድ ማሳረፊያ ያለው ደረቅ ወንበር ላይ ነው። ዳሌዋ እስከ መደገፊያው ይገባል፣ ከወገቧ ጀርባ የተጠቀለለ ፎጣ አለ፣ እግሯ መሬቱን ይረግጣል። ጠረጴዛው ክርኗን የሚያሳርፍ ነው፤ መሶብ ዝቅ ስለሚልባት ትተነዋል። ጭንቅላቷ ሲወድቅ አንገቷን አንጎትትም። ወንበሩን እንዳለ ትንሽ ወደ ኋላ እናጋድለዋለን፤ ጭንቅላቷ አናጢ በሠራልን መደገፊያ ላይ ያርፋል፣ አገጯ ግን አይሰቀልም።

ቆሞ ማጉረስ ቤታችን ውስጥ ክልክል ነው። እንግዳ ይቀየማል፣ ይቀየም። ሰው ቆሞ ሲያጎርሳት ቀና ትላለች፣ ከዚያ አደጋው ይመጣል። የሚያጎርሳት ሰው በርጩማ ላይ ከዓይኗ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ማንኪያውም ከታች ይመጣል። ጠባብ ብርጭቆ አፍንጫዋን እየነካ ወደ ኋላ ስለሚገፋት አፈ ሰፊ ኩባያ ይዘናል። አጥሚቱንም ሽሮውንም ወፈር እናደርገዋለን። ፓስታ ያለበት ሾርባ ቀርቷል፤ ፈሳሹ ቀድሞ ይሄድና ፓስታው አፏ ውስጥ ይቀራል። የፓርኪንሰን መድኃኒቷን፣ ሌቮዶፓን፣ ከወሰደች ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይተን፣ ሰውነቷ ሲፍታታ ነው የምናበላት። ከበላች በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ አትጋደምም። አፏን በደንብ እናጸዳለን፤ አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከምራቅ ጋር ሳንባ ሲገባ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላልና።

በየቦታው የሚሰጠው ምክር «አገጭ ወደ ደረት» ነው። ጭንቅላቱን መቆጣጠር ለሚችል ሰው ሊጠቅም ይችላል። እማዬ ግን ጭንቅላቷ መጀመሪያውኑ የወደቀ ነው፤ አገጯን ጨምረን ስንደፋው ምግቡ በከንፈሯ ተመልሶ ወጣ። ሰውየው ሲበላ ቁጭ ብሎ ያላየ ባለሙያ የሚሰጠውን ምክር አትቀበሉ። እኔ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ጠበልም አልቀረባትም፤ እኔም እንዲቀርባት አልፈልግም። ብዙ ሰው ጠበል የሚጠጣው ቀና ብሎ ነው። እኛ ቤት አምጥተን፣ ወንበሯ ላይ አስተካክለን፣ በሻይ ማንኪያ ጥቂት ጥቂት እንሰጣታለን።

አሁን ለስላሳ ኮላር አላት፤ ታክሲ ውስጥ ብቻ ታደርገዋለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዷ ላይ «ስትመገብ ኮላር አይደረግላት» ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ሐኪሙ «አስፈላጊ አይደለም» አለኝ። እስኪጽፈው ድረስ ከክፍሉ አልወጣሁም።